ስለ ስደተኛው ሁሉም ያወራል፤ እሱን ግን ማን ጠየቀው?

ዛሬ ከዕለት ዜና ወጣ ብለን አንድ ጉዳይ ረጋ ብለን እንድናይ ወደናል። ጉዳዩ ስደት ነው። እኛ በምንኖርባት ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ ታቦር ወይም ሐይቅ ዳር፣ ስደት የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ ጎረቤት አለ። እህቱ ዐረብ ሀገር ያለች አለ። ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅም አለች። ስለዚህ ጽሑፉ ረዘም ቢልባችሁም እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

መነሻችን አንድ ቀላል ጥያቄ ናት። ስለ ስደት የምናውቀውን ነገር የነገረን ማነው?

እስቲ የምናነባቸውን ዜናዎች አስታውሱ። «ይህን ያህል ሕገወጥ ስደተኞች በቁጥጥር ሥር ዋሉ።» «ይህን ያህል ዜጎች ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።» «የሕገወጥ ስደት አስከፊነትን አስመልክቶ ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተካሄደ።» የሚናገረው ኃላፊ ነው፣ ፖሊስ ነው፣ የድርጅት ተወካይ ነው። ስደተኛው የሚታየው በፎቶ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ። ስሙ ቁጥር ነው። እኛን ጨምሮ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ እንቀባበላለን።

ቁጥሩ የሚነግረን እና የማይነግረን

ቁጥር አይጠቅምም እያልን አይደለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተገለጸ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ በሚባል አካባቢ 25 አስከሬኖች የተቀበሩበት የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ እነሱም ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ዳርቻ፣ መንገድ ዳር የተጣሉ የ27 ሰዎች አስከሬን ተነሣ፤ አንድ ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ተርፎ ተገኘ።

ይህ መንገድ የኛው መንገድ ነው። «የደቡብ መስመር» የሚባለው ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከአካባቢው ተነሥቶ፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ እያለ ደቡብ አፍሪካ የሚገባው። የብዙዎቹ ተጓዦች መነሻ የሆነችው ሆሳዕና ከኛ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አትሆንም።

64፣ 25፣ 27። ቁጥሮቹ የሞትን መጠን ነገሩን። ግን እነዚያ ልጆች ለምን መንገዱን መረጡ? አደጋውን አያውቁም ነበር? ገንዘቡን ማን ከፈለላቸው? ወደ ኮንቴይነሩ ግቡ ሲባሉ ምን ተነገራቸው? ይህን ሊነግረን የሚችለው ያለፈበት ሰው ብቻ ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። የስደት ነገር ሥሩ ያለው ስደተኛው ጋ ነው።

«የስደተኛውን ድምፅ ማስቀደም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣለት፣ ተመላሽ የሆነች ልጅ ማይክ ተይዞላት ስታለቅስ ነው። እሱ አይደለም። እንዲያውም እሱ ከችግሩ አንዱ ነው። ጠያቂው የሚፈልገውን ታሪክ አስቀድሞ ይዞ ይመጣል፣ ልጅቷ እንባዋን ታዋጣለች፣ ከዚያ ኃላፊው ተነሥቶ «ስለዚህ ወጣቶች ከዚህ ትምህርት ውሰዱ» ይላል። ድምፅዋ ተሰማ፤ ሐሳብዋ ግን አልተሰማም።

ድምፅን ማስቀደም ማለት ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነገሩን በምን ቃል እንደሚጠራው ከራሱ መስማት። ሁለተኛ፣ ምክንያቱን ከራሱ መስማት፤ እኛ የገመትነውን «አዎ» እንዲለን አለመጠየቅ። ሦስተኛ፣ ስለ እሱ ሕይወት የሚወስን ሕግ፣ ፕሮጀክት ወይም ዕርዳታ ሲታሰብ ከውሳኔው በፊት መጠየቅ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ቃሉ ራሱ ይናገራል፦ «ደላላ» ወይስ «በር ከፋች»?

በመግለጫ ላይ «ሕገወጥ የሰዎች አዘዋዋሪ» ይባላል። በሠፈር «ደላላ» እንላለን። ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ሰዎችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ቃል ሰምተው ጻፉ፤ «በር ከፋች»።

በሁለቱ ቃላት መሃል ያለውን ርቀት አስቡት። አንዱ ወንጀለኛ ነው፤ ሌላው ባለውለታ። ለቤተሰቡ ይህ ሰው የተዘጋ በር የከፈተ፣ ብዙ ጊዜም የሀገር ልጅ፣ የሚታወቅ፣ አንዳንዴ ዘመድ የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ መንግሥት «አዘዋዋሪውን አጋልጡ» ብሎ ሲቀሰቅስ ሰዉ ለምን ዝም እንደሚል አሁን ይገባናል። እየተጠየቀ ያለው ባለውለታውን እንዲያስይዝ ነው። ከዚያም በላይ፣ እሱ ከታሰረ መንገድ ላይ ያለው ልጁ ምን ይሆናል?

ይህ ማለት በር ከፋቹ ጻድቅ ነው ማለት አይደለም። በኬንያ ወይም በታንዛኒያ ጫካ ውስጥ ተጓዡን የሚረከበው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ለሌላ ያስረክባል። ሆሳዕና ላይ የተሰጠው ቃል ሞዛምቢክ ላይ አይሠራም። ከኮንቴይነሩ የተረፈ ልጅ ያንኑ ሰው በሌላ ስም ሊጠራው ይችላል። ነጥባችን፣ ቃሉን ሳያውቁ ቅስቀሳ መጀመር በባዕድ ቋንቋ እንደመምከር ነው የሚል ነው።

«ስደተኛ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ለጋዜጠኛው ስደተኛ የሆነው ሰው ራሱን እንዲያ ብሎ ላይጠራ ይችላል። «ወጣሁ» ይላል። «ዕድሌን ልሞክር» ይላል። «ሥራ ሄድኩ» ይላል። ስደት የሚለው ቃል በኛ ባህል ከመባረርና ከመከራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ራሱን ለቤተሰቡ እንደዘመተ የሚቆጥር ልጅ ቃሉ ቢቆረቁረው አይፈረድበትም።

ምክንያቱ ድህነት ብቻ ነው እንዴ?

የተለመደው መልስ «ድህነትና ሥራ አጥነት» ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። የድሃ ድሃ የሆነ ሰው ደቡብ አፍሪካ አይደርስም፣ የጉዞው ወጪ አይቀመስማ! የሚሄደው መሬት የሚሸጥለት፣ በሬ የሚሸጥለት፣ ወይም ቀድሞ የወጣ ወንድም ገንዘብ የሚልክለት ነው። አንዱ ወንድም ሌላውን ይስባል። ጉዳዩ የአንድ ግለሰብ ውሳኔ ሳይሆን የቤተሰብ ዕቅድ ነው።

የሐዲያን ስደት ያጠኑ ተመራማሪዎች ሰዉን ቁጭ ብለው ሲጠይቁ፣ በየትኛውም የኢኮኖሚ ሠንጠረዥ ላይ የሌለ መልስ አገኙ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና ላይ ከውጭ የመጣ አንድ ሰባኪ በሕዝብ ፊት ትንቢት ተናገረ፤ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ መንገድ ይከፍታል፣ ሰዎች ሄደው በረከት ይዘው ይመለሳሉ የሚል። ለብዙ ተጓዦች መንገዱ የተስፋ ቃል ፍጻሜ ሆነ። ጉዞው በጸሎት ይጀመራል፤ የደረሰ ሰው ያመሰግናል።

አንባቢ ትንቢቱን ቢያምን ባያምን እዚህ ላይ ለውጥ የለውም። ጥያቄው ሌላ ነው። መንገዱ በእምነት የተከፈተ ነው ብሎ ለሚያስብ ቤተሰብ «አደገኛ ነው» የሚል ፖስተር ምን ይለዋል? እምነት እኮ አደጋን አይክድም፤ በአደጋ ውስጥ ማለፍን ነው የሚያስተምረው። ይህን ሳይሰማ የተዘጋጀ ትምህርት ከሰሚው ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል።

ሌላም አለ። ቀድሞ የወጣው ጎረቤት ሆሳዕና ላይ ፎቅ ሠራ። የመምህሩ ደመወዝ ግን ከወር ወር አላደርስ አለ። የተማረ ሰው ኑሮ ሲያንስ፣ ያልተማረው ደግሞ በስደት ሲለወጥ ያየ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የራሱን ስሌት ይሠራል። ይህን ስሌት «የግንዛቤ እጥረት» ማለት ልጁን ሞኝ ማድረግ ነው።

አደጋውን ስለማያውቁ ነው የሚሄዱት?

ብዙ በጀት የፈሰሰው በዚህ ግምት ላይ ነው፤ «ቢያውቁ አይሄዱም ነበር።» ተጓዦችን ያነጋገሩ ጥናቶች ግን ደጋግመው የሚያሳዩት ሌላ ነው። ብዙዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ስለ ባሕሩ፣ ስለ በረሃው፣ ስለ ድብደባውና ስለ እስሩ ሰምተዋል። ሰምተውም ሄደዋል።

እንዴት? አንዳንዱ «እኔ ላይ አይደርስም» ብሎ ነው። አንዳንዱ እዚህ መቆየትም አደጋ ነው ብሎ መዝኖ ነው። አንዳንዱ ተመልሶ እንኳ እንደገና ይሄዳል። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጀመረችው ዘመቻ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። አደጋውን ከነሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? ሆኖም ከተመለሱት መካከል እንደገና የወጡ ጥቂት አይደሉም። ስደትን ያቆመው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ አንድም ተመላሽ ዳግም ባልወጣ ነበር።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ መለወጥ አለበት። «አደጋውን ታውቂያለሽ?» ሳይሆን «እያወቅሽ ለምን?»

ስደት ሐዋሳ ውስጥም አለ

ስደት ሲባል ዓይናችን ወደ ድንበር ብቻ ይሄዳል። የኛ ከተማ ግን ራሷ የፍልሰተኞች ከተማ ናት። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፣ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ እንደሚፈጥር ተነገረ። በእርግጥም ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ገጠር ወጣቶች መጡ፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ቤት ሲወጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

በሪፖርት ላይ እነዚህ ልጆች «የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው» የሚል ቁጥር ሆኑ። ከዚያ ሌላ ቁጥር መጣ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ያወጣው ጥናት፣ በፓርኩ የጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 ዶላር ገደማ እንደነበረና ይህም ልብስ አምራች ከሆኑ ሀገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር።

ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ምን ይላል? «የሥራ ባህል የለም፤ ልጆቹ አይጸኑም።» ተብሏልም። ልጆቹን ጠይቆ የሰማ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ያገኛል። የቤት ኪራይ ስንት ነው? ስንት ሆነው ነው አንድ ክፍል የሚከራዩት? ከምሽት ፈረቃ ሲወጡ ጨለማውን መንገድ ከማን ጋር ነው የሚሄዱት? ደመወዙ ለኪራይና ለምግብ ከሆነ በኋላ ለእናት የሚላክ ይተርፋል? አይተርፍም ከሆነ፣ መልቀቅ የባህል ችግር ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነው።

ከዚያ ደግሞ የባሰ መጣ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ከቀረጥ ነጻ ዕድል ታገደች። ከፓርኩ ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች አስቀድሞ፣ በኅዳር ወር መውጣቱን አስታውቆ ነበር። ሥራ ያጡት ልጆች የት ሄዱ? አንዳንዷ ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች፣ አንዳንዷ ሰው ቤት ገባች፣ አንዳንዷ ደግሞ ፓስፖርት አወጣች። ከገጠር ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ወደ ቤይሩት ወይም ሪያድ፤ መንገዱ አንድ ነው። እኛ ግን የመጀመሪያውን «ልማት»፣ ሁለተኛውን «ስደት» ብለን በሁለት መዝገብ ጻፍነው። ለልጅቷ ግን አንድ ሕይወት ነው።

ሳይጠየቁ የተወሰነ ውሳኔ

ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። ዓላማው ዜጎችን ከጥቃት መጠበቅ ነበር። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ጉዞው ቆመ እንዴ? አልቆመም፤ መንገዱን ቀየረ። በኤጀንሲ፣ በውልና በአውሮፕላን ትሄድ የነበረች ልጅ በጅቡቲ፣ በባሕርና በየመን ሄደች። ወይም በጉብኝት ቪዛ በሌላ ሀገር ዞራ ገባች፣ ያለ ውል።

ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ ለሥራ የምትሄደው ልጅ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት እንድትሆን አዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የተማረች ልጅ መብቷን ታስከብራለች። ግን በብዛት የምትሄደው ማን ናት? ከ8ኛ ክፍል በፊት ትምህርት ያቋረጠችው ናት። በሕጋዊው በር መግባት ያልቻለች ልጅ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሻለ። ቀድሞ የቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ይህ ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ዓመት ባተረፈ ነበር።

ሲሰሙ ምን ይሆናል? ሦስት እውነተኛ ምሳሌዎች

አንደኛው፦ የየመንና የሳዑዲ ድንበር። ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን አጋለጠ። ሳዑዲ ዐረቢያ ክሱን አስተባብላለች። ዘገባው የተሠራው እንዴት ነው? ድርጅቱ 42 ሰዎችን አነጋገረ፤ 38ቱ ራሳቸው ድንበሩን ለመሻገር የሞከሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የተናገሩትን ከሳተላይት ምስልና ከቪዲዮ ጋር አመሳከረ። በተራራ ላይ የሆነውን ዓለም ያወቀው ቆስለው የተረፉት ስለተናገሩና የሚሰማቸው ስላገኙ ነው።

ሁለተኛው፦ የሊቢያው ኪዳነ። በሊቢያ ስደተኞችን መጋዘን ውስጥ አጉሮ፣ እያሰቃየ ከቤተሰቦቻቸው ገንዘብ በማስላክ የሚታወቀው ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተያዘ። የተያዘው በረቀቀ የስለላ ሥራ አይደለም፤ በእጁ አልፎ የነበረ ስደተኛ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ሰውየው በ2013 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ መያዙ ተነገረ። ያለ ተጎጂዎች ምስክርነት ይህ ክስ አይታሰብም ነበር።

ሦስተኛው፦ የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች። በ2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ የተባለች ኢትዮጵያዊት ቤይሩት ላይ ከቆንስላችን ደጅ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ከሳምንታት በኋላ በገባችበት ሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ። ሚሊዮኖች ስትጎተት አዩዋት፤ ምን ማለት እንደፈለገች የሰማት ግን የለም። ዓመታት ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ 2017፣ ራሷ በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ ሆና ያሳለፈችው ባንቺ ይመርና ጓደኞቿ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ኮሮና ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቆንስላው ደጅ ላይ ሲጥሏቸው፣ ይህ ማኅበር ምግብና የቤት ኪራይ አዳረሰ፣ በደሉን መዘገበ፣ ለዓለም ሚዲያ አሰማ። የትኛዋ ልጅ የት ቤት እንደተቆለፈባት የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ልዩነቱን አያችሁ? በመጀመሪያው ታሪክ ስደተኛዋ ትታያለች፤ በሁለተኛው ትናገራለች፣ ትሠራለችም።

ግን የስደተኛው ቃል ሁሉ ሙሉ እውነት ነው?

አይደለም፤ ይህንንም በግልጽ መናገር አለብን። ስደተኛም እንደ ማንኛውም ሰው ይደብቃል፣ ያጋንናል፣ ይረሳል። ከጆሃንስበርግ የሚለጠፈው ፎቶ ላይ የተከራየ መኪና፣ የተዋሰ ጃኬት ሊኖር ይችላል። «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሠፈር ሸቀጥ ተሸክሞ በየቤቱ በዱቤ የሚሸጥ ልጅ፣ ሱቁ ሲዘረፍ ፎቶ አይለጥፍም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ ሀገር ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ሲሞቱ፣ በ2007 ዓ.ም. እና በ2011 መጨረሻም ተመሳሳይ ነገር ሲደገም፣ ብዙ ልጆች ለእናታቸው «ደኅና ነኝ» ነው ያሉት። ዝምታው ከውሸት አይቆጠርም፤ እናት እንዳታዝን ነው፣ ለጉዞው የተሸጠው መሬትም በከንቱ እንዳይመስል ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይናገሩ አሉ። የሞቱት፣ የታሰሩት፣ ስልካቸው የተቀማው። የምንሰማው የተረፈውን ብቻ ነው፤ ከተረፈውም ደፍሮ የሚናገረውን። ስለዚህ አንድ ሰው ሰምቶ መደምደም ልክ አይደለም። የተሳካለትንም፣ የተመለሰውንም፣ መሄድ ፈልጎ የቀረውንም፣ ልጇ ከጠፋባት ዓመታት የሆናትን እናትም መስማት ያስፈልጋል። ድምፁን ከሰነድ፣ ከጊዜና ከቦታ ጋር ማመሳከርም እንዲሁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ያደረገው ይህንኑ ነው።

እንዴት እንጠይቅ?

ይህ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። ለቀበሌ ሠራተኛ፣ ለመምህር፣ ለእድር ሰብሳቢ፣ ከስደት የተመለሰ ዘመድ ላለው ሁሉ ነው።

1. በራሱ ቋንቋ ይሁን። በኛ አካባቢ ሲዳምኛ፣ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛ የሚናገር ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ አጭር መልስ ይሰጣል። ሕመም በሁለተኛ ቋንቋ አይተረክም። አስተርጓሚ ካስፈለገ ደግሞ የሠፈሩ ሰው፣ ዘመድ ወይም የሚፈራው ሰው አይሁን።

2. አትቸኩሉ። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደች ልጅ ፊት ካሜራ መደቀን ጭካኔ ነው። መጀመሪያ ትረፍ፣ ትብላ፣ ከቤተሰቧ ትገናኝ።

3. እምቢ ማለት መብት ነው። «ካልተናገርሽ ዕርዳታ አታገኚም» የሚመስል ነገር ካለ ያ ቃለ መጠይቅ አይባልም። ከተናገረች በኋላም ሐሳቧን ብትቀይር ይከበርላት።

4. ስምና ፊት አታውጡ። ደላላው ስልኳን ያውቃል፣ ቤተሰቧን ያውቃል። መንገድ ላይ ያለ ወንድሟም ሊቀጣ ይችላል። በተለይ በሴቶች ላይ የደረሰ ጥቃት በስም ሲወጣ፣ ልጅቷ በገዛ መንደሯ ሁለተኛ ትሰደዳለች።

5. ስለ መከራው ብቻ አትጠይቁ። ምን ሠራሽ? ምን ተማርሽ? በምን ዘዴ አመለጥሽ? አሁን ምን ትፈልጊያለሽ? ሰው መከራው ብቻ አይደለም። ዓመታት ነግዶ የተመለሰ ልጅ ስለ ንግድ ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃል።

6. መልሱላቸው። የተናገሩት ነገር ምን ላይ እንደዋለ የመስማት መብት አላቸው። ስንት ተመላሽ ነው ፎርም ሞልቶ፣ ተቀርጾ፣ ከዚያ ማንም ተመልሶ ያላነጋገረው?

ለቤተሰብ አንድ ነገር

ከሁሉም የሚከብደው ጠያቂ ቤተሰብ ነው። ልጅ ከደወለ «መቼ ትልካለህ?» ከማለታችን በፊት «እንዴት አደርክ? የት ነው የምታድረው? ከማን ጋር?» ብንል ምን እናጣለን? ልጅ ባዶ እጁን ሲመለስ ደግሞ ጎረቤት «ምን ይዞ መጣ?» እያለ የሚያሾፍበት ከሆነ፣ አፉን ይዘጋል። አፉን ሲዘጋ ደግሞ ታናሹ ወንድሙ ከፌስቡክ ፎቶ ሌላ የሚማርበት አያገኝም። ያኔ እውነቱን ለመስማት የምንገደደው ከድንበር ማዶ በሚመጣ የሞት ዜና ይሆናል።

ለሚመለከታቸው የክፍለ ከተማና የቀበሌ ኃላፊዎችም ጥያቄ አለን። የሚቀጥለው የግንዛቤ መድረክ ሲዘጋጅ ከስደት የተመለሱት የት ነው የሚቀመጡት? ከኋላ ወንበር ሆነው ንግግር ሊሰሙ ነው ወይስ አጀንዳውን አብረው ሊያወጡ? ለተመላሾች ተብሎ ሥልጠና ሲታቀድ፣ የምን ሥልጠና እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው አለ? ሁሉንም ጸጉር ቤትና ዶሮ እርባታ ውስጥ ከመክተት በፊት መጠየቅ ወጪ የለውም።

እኛም በበኩላችን ከዚህ በኋላ ስለ ስደት ዜና ስንሠራ፣ ያለፈበትን ሰው ድምፅ ሳንሰማ ቁጥር ብቻ ላለመለጠፍ እንጥራለን። መናገር የምትፈልጉ ወይም የሚናገር የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስማችሁን አናወጣም፣ ፎቶም አንጠይቅም፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ እንሰማለን።